አስናቀው ከመጣስ?

ከአጥሩ ወዲያ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር። ዘመኑ ሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት መገባደጃው ላይ ነው። አስናቀው ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላው፣ ወሬ የማያልቅበት ጎረምሳ ነበር፤ ሣር ተሸክሞ ከመስክ ሲመለስ ደክሞት አጥሩ ሥር አረፍ አለ። የወንድሙን ሚስት የአልታዬን ድምፅ ለየ። ሌላው ድምፅ የወንድሟ የደሳለው ነው። ደሳለው በማግስቱ አዲስ አበባ ሊወርድ፣ ከዚያም ወደ እስራኤል ሊሻገር ጓዙን አስሯል። የሰው ወሬ ተደብቆ መስማት ነውር መሆኑን አስናቀው አላጣውም። ግን ሣሩ ከባድ ነበር፤ ማረፍም አለበት።

የሰማው ቁርጥራጭ ነው። «... ሰባት ...» አለ ደሳለው። ቀጥሎ፣ «... ታች ነው እንጂ፣ ታች ...» አለ፤ የቀረውን ነፋስ ወሰደው። ከዚያ አልታዬ ጥርት ባለ ድምፅ፣ «አስናቀው ከመጣስ?» አለች። ሁለቱም ሳቁ። ሳቃቸው እንዲህ በቀላሉ የሚቆም ሳቅ አልነበረም፤ መጨረሻው ላይ ወደ ልቅሶ የዞረም መስሎት ነበር። እሱን ግን እርግጠኛ አይደለም።

ይህ ነገር ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አስናቀውን ሲከነክነው ኖረ። ሰባት ምን? ሰባት ፍየል ነው? ታች ወንዙ ዳር ያለው መሬት ነው? እሱስ ቢመጣ ምኑ ነው የሚያስቀው? አንድ ቀን ደፈር ብሎ ጠየቃት።

«እትዬ አልታዬ፣ ያኔ ደሳለው ሊሄድ ሲል የሳቃችሁብኝ በምን ነበር?»

«ቀኑ ሲደርስ ትሰማዋለህ» አለችውና ወደምትሠራው ሸክላ ዞረች።

የአልታዬና የደሳለው አባት ቤተ እስራኤል ነበሩ። ከላስታ በኩል መጥተው ከመካነ ሰላም ወረድ ብሎ ካለው ቀበሌ ሰፍረው ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። አገሬው ቀን ቀን ማረሻውን እያሳለ፣ ሲመሽ ዓይናቸው ይበላል እያለ ያማቸው ነበር። በተሳለው ማረሻ ግን ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ደሳለው ወገኖቹን ተከትሎ ሲሄድ፣ አልታዬ የአስናቀውን ታላቅ ወንድም አራጌን አግብታ፣ ክርስትና ተነሥታ እዚሁ ቀረች። ቅዳሜ ግን እስከ ዛሬ እሳት አትነካም። የደብሩ ቄስም ነገሩን ሰምተው፣ «ቀዳሚት ሰንበት በእኛም የከበረች ናት፤ ይልቅ ሌሎቻችሁ ከእሷ ተማሩ» ብለው ዘጉት። አራጌ ካረፈ ስምንት ዓመት ሆነው። አስናቀውና አልታዬ አሁንም በአንድ ግቢ፣ ፊት ለፊት በተሠሩ ሁለት ቤቶች ይኖራሉ።

አስናቀው የዕድሩ መርዶ ነጋሪ ነው። ማንም አልሾመው፤ አንደበቱ ነው የሾመው። ሩቅ አገር ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለእሱ ይነገራል። እሱም ጎረቤቱን አስጠንቅቆ፣ ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ሐዘንተኛው ከቤት ሳይወጣ ማልዶ ይደርስና ቁጭ ብሎ ከአዳም ይጀምራል። አዳም ሞተ። ኖኅ ሞተ። ማቱሳላ ያን ሁሉ ዘመን ኖሮ ሞተ። ከማቱሳላ ወደ ባለጉዳዩ ዘመድ ሲደርስ ፀሐይ ወጥታለች፤ ሐዘንተኛውም ግማሹን አልቅሶ ጨርሷል። በዚህ ዓይነት ሲነገረው ልቡ ቀጥ ብሎ የወደቀ ሰው የለም፤ አስናቀውም ይህን የእግዜር ስጦታ ነው ብሎ ያምናል።

ጣጣው ሌላ ነው፤ በማለዳ የማንንም ደጅ ማንኳኳት አይችልም። አንድ ጊዜ ጊደር ጠፍታበት ጎሕ ሲቀድ የጎረቤቱን የይሄነውን በር መታ። ይሄነው ከፍቶ ሲያየው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«ማንኛዋ?» አለ። ስድስት እኅቶች ነበሩት።

«ቀይዋ» አለው አስናቀው፣ ስለ ጊደሯ።

ይሄነው ቀይ እኅት ነበረችው። ጊደሯ ለምሳ ሰዓት ተገኘች፤ የይሄነው ቤት ግን እስኪመሽ ድረስ ሲያለቅስ ዋለ።

እንግዲህ ባለፈው ጥር የአስናቀው ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ ረጅም ነው።

«ጋሼ አስናቀው ነዎት? ሉሊት ነኝ፣ የደሳለው ልጅ። ከእስራኤል።» እዚያው የተወለደች ናት፤ አማርኛዋ ሸርተት ሸርተት ይላል።

«እንደምን ናችሁ ልጄ! አባትሽ ደኅና ነው?»

«አባባ ...» መስመሩ ተንኮሻኮሸ፤ ቃሉን በላው። «... ሺቫ ነን። ሁላችንም ሺቫ ተቀምጠናል።»

ሺቫ በዚያ አገር ሰው ሲሞት ቤተሰቡ መሬት ላይ ሰባት ቀን የሚቀመጠው ሐዘን ነው። አስናቀው ግን ይህን በምን ይወቀው? እሱ የሰማው ሽባ ነው።

«ሽባ? ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። እማማ፣ ወንድሞቼ፣ እኔ። ሰባት ...» ድምፁ ተቆርጦ ተመለሰ። «ወለል ላይ ነው የተቀመጥነው።»

«የት ትቀመጡ ታዲያ፣ የኔ ልጅ!»

«ሰውም ብዙ እየመጣ ነው። ከሐይፋ፣ ከአፉላ። ነገ ደግሞ የአባባ የሥራ ጓደኞች ለሺቫ ይመጣሉ።»

«እንዳይመጡ ንገሪያቸው! ተላላፊ ቢሆንስ?»

«እንዴ ጋሼ፣ ይምጡ እንጂ! ምግብ ይዘው ነው የሚመጡት።»

«መንግሥትስ ያውቃል?»

«ያውቃል፤ ከሥራ የሳምንት ፈቃድ አለን። ሐሙስ እንነሣለን።»

«ሐሙስ? በምን ኃይል?»

«ለአክስቴ እርስዎ ይንገሩልኝ። አባባ ራሱ፣ በስልክ እንዳትሰማ፣ አስናቀው ይንገራት ብሎ ...»

ስልኩ ጠፋ። ኔትወርኩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መካነ ሰላምን ተሰናበተ።

አስናቀው አሰበ። ሞት ቢሆን ከአዳም ይጀምር ነበር። ለሽባ ግን አዳም አያስፈልግም። ስለዚህ ጋቢውንም ሳይደርብ ግቢውን አቋርጦ ገባ። አልታዬ ገና ስታየው የያዘችው ገንቦ ከእጇ ወደቀ።

«ማነው?»

«ማንም አልሞተም እትዬ! ደሳለው ሽባ ሆኖ ነው!»

«እሰይ!» አለች አልታዬ፤ ዓይኗን ወደ ላይ አንሥታ። «ተመስገን! ተመስገን ጌታዬ!» በወሎ ቦረና ምድር ሽባ በመሆኑ ምስጋና የደረሰለት ሰው ደሳለው ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ቆየት ብላ፣ «ሚስቱስ?» አለች።

«እሷም ሽባ ናት።»

«ልጆቹስ?»

«ሁሉም።»

አልታዬ የገንቦውን ስብርባሪ ለቀመች። «ቅቤ ይፈልጋሉ» አለች በመጨረሻ። «የዚያ አገር ቅቤ ለጅማት አይሆንም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤ ማጠራቀም ያዘች። ገበያ በዋለ ቁጥር ገንቦዋን በቅቤ ትለውጣለች፤ አንጥራ፣ ቅመም ጨምራ፣ በማሰሮ እየሞላች ትደረድራለች። ሠላሳ አምስት ዓመት በስልክ ድምፁን ብቻ ስትሰማው ለኖረችው ወንድሟ ዛሬ በእጇ የምትሠራለት ነገር አገኘች። ፊቷ ፈካ። የዕድሩ ሰብሳቢ ሞላም አልተኛም። ሞላ ነገር መስማት እንጂ እስከ መጨረሻው ማድመጥ የማይሆንለት፣ ልቡ ግን ወርቅ የሆነ ሰው ነው።

«ሰባት ብላለች አይደል?» አለ። «ሰባት ሰው ነው ማለት ነው። ምርኩዝ ይጠረብላቸው!»

ወይራ ተቆረጠ። ሰባት ጥንድ ምርኩዝ ተጠርቦ፣ ቅቤ ጠጥቶ፣ ከአልታዬ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ሁለት ጀሪካን ጠበልም ተቀዳ። ጉዞው ግን ሳይጀመር ቀረ፤ ወደ ደሴ የሚመላለሰው ሾፌር፣ «በሽተኞቹ ሳይኖሩ አሥራ አራት ምርኩዝ ይዤ ኬላ ላይ ምን ልበል?» ብሎ እምቢ አለ።

ከሦስት ሳምንት በላይ እንዲህ አለፈ። አንድ ሐሙስ ጠዋት ኔትወርኩ ተመለሰ። አስናቀውና ሞላ ፋጢማ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ፋጢማ አሥራ ሁለት ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች የሠፈሩ ባለሱቅ ናት፤ የሰው ስልክ ሁሉ ሲበላሽ የሚመጣው ወደ እሷ ነው። የአስናቀው ስልክ ጮኸ፤ ቁጥሩ ረጅም ነው። የቱን እንደሚጫን ግራ ሲገባው ፋጢማ ተቀብላ ምስሉን ከፈተችው። ሉሊት ታየች፤ መንገድ ላይ ናት፤ በእግሯ እየሄደች ነው።

«ትሄዳለች!» አለ ሞላ።

«አሰላም አለይኩም የኔ እኅት» አለች ፋጢማ። «ሽባው ተሻላችሁ?»

«ሺቫው አለቀ እኮ፤ ሦስት ሳምንት አለፈው። ያኔ ሐሙስ ዕለት ተነሣን።»

«ጠበሉ ሳይደርስ!» ሞላ ኮፍያውን አወለቀ። «ገና በሐሳባችን! ሰባቱም?»

ፋጢማ በእጇ ዝም በል የሚል ምልክት ሰጠችው። ዓይኗ ጠበብ ብሏል። «ቆይ የኔ እኅት፣ ይኼ ሺቫ የምትይው ምንድን ነው?»

«ሰባት ማለት ነው፣ በዕብራይስጥ። ሰው ሲሞት ሰባት ቀን ...»

«ሰብዓ!» ፋጢማ ግንባሯን መታች። «ያ ረቢ! ሽባ አይደለም እኮ ጋሽ አስናቀው! ሰብዓ ነው! ዐረቦቹም ሰባትን ሰብዓ ነው የሚሉት!»

አስናቀው በተቀመጠበት ቀለጠ። እሱ ትምህርት ቤት ያልገባ፣ ቅዳሴውንም ዳዊቱንም በጆሮው ለቅሞ የተማረ ሰው ነው። በግዕዙ ሰብዐቱ እንደሚባል ከዓመት ዓመት ሲሰማ ኖሯል። ዕብራይስጡ፣ ዐረብኛው፣ ግዕዙ አንድ ቃል ሲሉ እሱ ብቻ ሽባ ሰማ። እሱም በዚህ በሚመካበት ጆሮው።

«ታዲያ ማነው የሞተው?» አለ ሞላ።

ሉሊት ከእርምጃዋ ቆመች።

«አባባ ነዋ» አለች። «አልነገራችኋትም እንዴ?»

ሁሉንም ነገሯት። ሉሊት መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት አፏን በእጇ ያዘች። እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች ከስልኩ አይለይም፤ እሷም የለየችው አይመስልም። ቀጥላ ግን የተናገረችው ነገር አስናቀውን አስደነገጠው። በእነሱ ሥርዓት በሩቅ አገር የሞተ የቅርብ ዘመዱን መርዶ የሰማ ሰው፣ የሰማው ሠላሳው ቀን ሳያልፍ ከሆነ ከሰማበት ዕለት ጀምሮ ሙሉ ሰባት ቀን ይቀመጣል። ከሠላሳ ቀን በኋላ ከሰማ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጦ ይነሣል።

«ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?» አለ አስናቀው።

«ሃያ ስምንተኛ።»

ስልኩ ሲዘጋ ሞላ ተንፈስ አለ። «ጥሩ ነው እኮ! የአልታዬ ልጅ ሀይማኖት ከደሴ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመጣለች። በልጇ ፊት ይነገራት። ያን ጊዜ አንድ ሰዓት ነው፤ እስከዚያው ቅቤዋን ታንጥር። ደስ ብሏት የለም?»

«አንድ ሰዓት?» አለ አስናቀው።

«ለእሷ ጉልበት ብዬ ነው።»

አስናቀው ተነሣ። «ሠላሳ አምስት ዓመት ለጠበቀችው ወንድሟ አንድ ሰዓት? እኔ ይሄነውን ለጠፋች ጊደር ከዚያ የበለጠ ሳላስለቅሰው አልቀረሁም። ነገ ጠዋት እነግራታለሁ።»

ያን ዕለት ሲጸልይ ዋለ። ዕድሜውን በሙሉ የነገረው መርዶ የእግዜር ሥራ ነበር፤ እሱ ተላላኪ ብቻ ነው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ደሳለውን ሃያ ስድስት ቀን በአልታዬ ቤት በሕይወት ያኖረው እሱ ራሱ ነው። አሁን በገዛ እጁ ሊገድለው ነው።

ዓርብ ማለዳ ግቢውን አቋረጠ። እንዳትደነግጥ ብሎ ጋቢውን ትቶ ማጭድ ያዘ፤ ለሥራ የወጣ እንዲመስል። አልታዬ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የማሰሮዎቹን አፍ በጨርቅ ታስራለች።

«ና፣ ግባ። ይኼ ለእግሩ ነው። ይኼኛው ለሚስቱ። ይኼ ለጋው ደግሞ ለሉሊት ጠጉሯ፤ ሽባ ብትሆንም ልጃገረድ ናት።»

አስናቀው ከፊቷ ተቀመጠ። አዳም ሊል አፉን ከፈተ። አዳም አልወጣም። ኖኅን ሞከረ። ኖኅም የለም። ማቱሳላ እንኳ፣ ያ ሁልጊዜ የሚታዘዘው ሽማግሌ፣ ጥሎት ጠፋ።

እሷ ስለ ቅመሙ አወራች፤ ስለ ሾፌሩ ክፋት አወራች። እሱ ዝም። ስለ ሞላ ምርኩዝ ቀለደች። እሱ ዝም።

«ምነው? ጥርስህን አመመህ?»

ራሱን ነቀነቀ።

አልታዬ እጁን አየች። «ማጭዱ ምንድን ነው? አዝመራው ተሰብስቦ አልቆ?»

አስናቀው ማጭዱን ከጀርባው ደበቀ። ከዚያ በኋላ እሱን አላየችውም፤ ማሰሮዎቹን ነው ያየችው፣ አንድ በአንድ። የመጨረሻውን ጨርቅ ቀስ ብላ አሰረች። ከበርጩማዋ ወርዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ ቀደደችው፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

አስናቀው ያን ሁሉ ዓመት ብዙ ሰው ሲያለቅስ አይቷል፤ በልቅሶው መሐል ግን ሁልጊዜ የሚያወራው ነገር ነበረው። ዛሬ ምንም የለውም። እሱም ከመቀመጫው ወርዶ ከእሷ ትይዩ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከደጃፉ የገባችው ፀሐይ ተንቀሳቅሳ ምሰሶው ሥር እስክትደርስ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

በመጨረሻ የተናገረችው እሷ ናት። «ያኔ አጥሩ ሥር ነበርክ፣ አይደል?»

ቀና አለ።

«ሣርህ ከአጥሩ በላይ ይታይ ነበር እኮ! የተደበቅክ መሰለህ?» አፍንጫዋን ጠረገች። «ደሳለው፣ ማናችንም ብንቀድም የቀረው ሰባት ቀን መሬት ላይ ይቀመጥ አለኝ። በርጩማ ላይ ልቀመጥ ብለው፣ ታች ነው እንጂ አለኝ። ደግሞ ሊያጽናና የመጣ ሰው፣ ሐዘንተኛው ራሱ አፉን ሳይከፍት አንዲት ቃል እንዳይናገር፣ ሥርዓቱ ነው አለኝ።» ጣቷን ወደ እሱ ቀሰረች። «እኔም፣ አስናቀው ከመጣስ? አልኩት።»

አስናቀው ሳቀ። ሳቁ አመለጠው እንጂ አስቦበት አይደለም። እሷም ሳቀች፤ ሆዷን ይዛ፣ ያንኑ የጥንቱን ሳቅ። መጨረሻው ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ይህን ጊዜ አስናቀው እርግጠኛ ነበር፤ ያኔም የዞረው እንዲሁ ነበር።

በሩ ላይ የሞላ ራስ ብቅ አለ፤ ከኋላው ፋጢማና የሠፈሩ ሴቶች፣ ከእነሱም ኋላ ድንኳን የተሸከሙ ሰዎች ቆመዋል።

«ነገርካት?» አለ ሞላ በሹክሹክታ፤ የሱ ሹክሹክታ ግን ማዶ ሠፈር ድረስ ይሰማል። «ወይስ ገና ኖኅ ላይ ነህ?»

«ሰምቻለሁ ሞላ፣ ግባ» አለች አልታዬ። «ሁላችሁም ግቡ። ድንኳኑም ይተከል። ግን ወንበር አይግባበት። ሰባቱን ቀን የሚመጣ ሰው ሁሉ ታች ይቀመጥልኝ። እኔ ሳልናገርም ማንም አይናገር።»

«ዕድሩ በሙሉ?» ሞላ ጉልበቱን ዳሰሰ። «እኔ እኮ መሬት ከተቀመጥኩ የሚያነሣኝ የለም!»

«አብሽሩ ጋሽ ሞላ» አለች ፋጢማ፣ ወደ ግድግዳው እያመለከተች። «ሰባት ጥንድ ምርኩዝ አለልዎ።»

ሞላ ምርኩዞቹን አየ፤ መሬቱን አየ፤ እያቃሰተ ቁልቁል ጀመረ። ሊቀመጥ ሲቃረብም ወሬ አነሣ። «ግን እኮ ሰው ዝም ሲል ልቅሶው እንዴት ...»

«ይኸው!» አለች አልታዬ። ወደ አስናቀው ዞረች። «አየህ? ይኼ ዕድር ዝም የሚለው አንተን ዝም ብለህ ሲያይህ ብቻ ነው። ሞላ ሲያወራ አትመልስለት። ስለ ደሳለው ደግ ደጉ ትዝ ሲልህ እንኳ፣ እኔ ካልጠየቅኩህ በሆድህ ያዘው። እስከ ሐሙስ ድረስ። ትችላለህ?»

ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አስናቀውን አየ። አስናቀው ስለ አዳም አሰበ፤ ስለ ማቱሳላ አሰበ፤ ስለ ደሳለው ሊነገር ስለሚገባው ብዙ ነገር አሰበ። እሺ ሊል አፉን ከፈተ።

ከዚያ መልሶ ገጠመው፤ ራሱን ብቻ በእሺታ ነቀነቀላት።